«ጠላስ አባባ?» ላለችው ፋርማሲስታችን

የምጽፈው ለማመስገን ነው። መጀመሪያ ግን ትንሽ ልናደድ።

አባቴን ጃርዲያ ያዘው። ክሊኒክ ሄደን ቲኒዳዞል ታዘዘለት፤ 4ቱንም ፍሬ በአንዴ ዋጠ። ከመጠጥ ተጠንቀቅ ያለው የለም። በማግስቱ ማኅበር ነበረበት። ሁለት ጣሳ ጠላ ጠጥቶ ሦስተኛው ሳይቀዳለት ፊቱ በርበሬ መሰለ። ልቡ ይደልቃል፣ ያስመልሰዋል፣ ላቡ ይንቆረቆራል። ጎረቤታችን «ምች ነው» ብለው ዳማከሴ በመዳፋቸው አሽተው አመጡ። እሳቸውስ ከልባቸው ነው።

ወደዚያው ክሊኒክ ይዘነው ስንሄድ ተረኛው ገና ከበሩ ጠላው ሸተተውና «ሰክረው ነው፣ ወስዳችሁ አስተኟቸው» አለን። በ68 ዓመቱ፣ ያ ሁሉ ሰው እያየ! አባቴ አንገቱን ሲደፋ ማየቴ አሁንም ያንገበግበኛል።

ስንመለስ ኮተቤ ታክሲ መውረጃው አጠገብ ካለው ፋርማሲ ማስታገሻ ልግዛ ብዬ ወረድኩ። ልጅቷ አልሸጠችልኝም። «የት ናቸው?» ብላ ከባንኮኒው ወጣች። የላዳውን በር ከፍታ ቁጢጥ አለችና የልብ ምቱን በሰዓቷ ቆጠረች፣ ግፊቱን ለካች። የመድኃኒቱን ማሸጊያ ስታይ ቀና አለች።

«አባባ፣ መጠጥ ቀምሰዋል?»

«ኧረ በጭራሽ!»

«ጠላስ አባባ?»

«ጠላ ደግሞ መጠጥ ነው እንዴ?»

ሳቀች። እኛም ሳቅን፣ እሱም ጭምር።

ጉበት ምናምን እያለች አስረዳችኝ፣ ግማሹ አልገባኝም። የገባኝ ይኼ መድኃኒትና አልኮል አንድ ላይ እንደማይሆኑ ነው። ሜትሮኒዳዞል፣ ያው ፍላጂል የምንለው፣ እሱም እንደዚያው ነው አለች። ደረቱን ካመመው፣ መተንፈስ ካቃተው ወይም ራሱን ከሳተ በቀጥታ ሆስፒታል ውሰዱት አለችን። ስልኬን ተቀብላ ማታ 4 ሰዓት ላይ ደወለች። «አባባ እንዴት ሆኑ?» እያንኮራፋ ነበር።

ትናንት ላመሰግናት ስሄድ ለአንድ ወጣት ፍላጂል እየሸጠች ነበር። ማሸጊያው ላይ በእስክሪብቶ «ቢራ፣ ጠላ፣ ጠጅ፣ አረቄ የለም። ከጨረስክ በኋላም 3 ቀን» ብላ ጻፈችለት። አንድ ደቂቃ አልፈጀባትም።

ስሟን አልጠራም፣ ታፍራለች። የሰፈር ልጆች ግን ታውቋታላችሁ። እባካችሁ መድኃኒት ከእሷ ግዙ፤ ወላጆቻችሁንም ይዛችሁ ሂዱ። ሂዱ ብያለሁ!

አባዬ 3 ቀኑን በጣቱ እየቆጠረ ነው። ሲያልቅ ጠላ ልወስድላት ይላል።