ፊደልን በተራ ማስቆጠር ወይስ በቃል መጀመር፦ የትኛው ይሻላል?

በአዲስ አበባ ዳርቻ ለቱሉ ዲምቱም ሆነ ለኮዬ ፈጬ የአንደኛ ክፍል መምህር፣ ማንበብ ለማስጀመር ሁለት መንገድ አለ።

ገበታውን በተራ ማስቆጠር፦ ወጪው አንድ የፊደል ገበታ ነው፤ ክፍሉ ቢጨናነቅም ይሠራል። ችግሩ፣ 33ቱ ፊደላት በ7 ሲባዙ የሚመጡትን 231 ሆሄያት ልጁ በጆሮው ይይዛቸዋል እንጂ በዓይኑ አይለያቸውም። «ቡ»ን ነጥለው ሲጠቁሙት ከ«በ» ተነስቶ እየቆጠረ ይደርስበታል። የቄስ ትምህርት ቤት ከሀሁ በኋላ ሆሄያቱን በሌላ ተራ የሚያስቆጥረውን «አቡጊዳ»ን ማስከተሉ ለዚህ መላ ነው፦ ተራው ሲፈርስ ዜማው አያግዝም፣ ዓይን መሥራት ግድ ይለዋል።

በቃል መጀመር፦ ለ፣ መ፣ በ በግዕዝ፣ በራብዕና በሳድስ (በ1ኛ፣ በ4ኛና በ6ኛ ድምፃቸው) ብቻ፤ 9 ሆሄ። ከእነሱ ላም፣ ልብ፣ ላብ፣ ላባ፣ በላ ይወጣሉ። ልጁ ቶሎ ያነባል። ሆሄያቱ የሚጻፉበት ካርድ ከሱቅ ካርቶን ይቆረጣል፣ ዝግጅቱ ግን ጊዜ ይበላል። ባ እና ቦን ባንድ ቀን አታስተምሩ፦ የአንዱ ቀኝ እግር፣ የሌላው ግራ እግር ነው የሚረዝመው፤ ይምታታል። ቤቱ ኦሮምኛ ለሚናገር ልጅ ላባውን በእጁ አስይዙት፤ ቃሉን ካላወቀ ቢያነበውም ትርጉም አይሰጠውም።

ረዳት የሌለው፣ ልጅ የበዛበት ክፍል ገበታውን ይዞ በየቀኑ 5 ደቂቃ እያዘበራረቀ ቢጠቁም ይበጀዋል። ለማጠናከሪያ ቡድን ወይም ወላጅ ለሚያስጠናው ልጅ ካርዱ ይመረጣል። በካርዱ ሐ፣ ኀ፣ ሠ፣ ዐ እና ፀ መጨረሻ ይምጡ፤ ድምፃቸው ከሀ፣ ሰ፣ አ እና ጸ አይለይምና።