የዲሜንሺያ (የመርሳት በሽታ) ጥናት፦ ተሳታፊዎቹ ወደ ማዕከሉ ይምጡ ወይስ ቤታቸው እንሂድ?

ጥቁር አንበሳ አካባቢ ለሚሠራ የጥናት ማዕከል ጥያቄው ከበጀት ጋር አብሮ ይነሳል።

ወጪ፦ ማዕከሉ ይረክሳል። ቤት ለቤት ከሆነ ግማሹ ቀን ከፒያሳ ሜክሲኮ መንገድ ላይ ያልቃል።

ደም፦ ማዕከሉ ይሻላል። ፕላዝማው (የደሙ ፈሳሽ ክፍል) ቶሎ ተለይቶ ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ መቀመጥ አለበት።

የማስታወስ ምርመራ፦ እኔ ወደ ቤት አደላለሁ። ከ30 የሚታረመው የታወቀው መጠይቅ ቀኑን፣ ቦታውን፣ ፎቁን ይጠይቃል። ዓረፍተ ነገርም ያስጽፋል። ፊደል ያልቆጠሩ እናት እንግዳ ሕንፃ ውስጥ ግራ ቢጋቡ እንዴት በሽታ ነው እንላለን? ቤታቸው ግን ቡና እየተፈላ ልጃቸው «እማዬ ምድጃ ለኩሳ ትረሳለች» ስትለን ብዙ እንረዳለን።

ምስጢር፦ ቤት ውስጥ ጎረቤት ይሰማል።

ኤምአርአይ (የአንጎል ምስል) እና ደም ለሚፈልግ ጥናት ማዕከሉ ይመረጣል። መራመድ ያቃታቸውንና አስታማሚዎቻቸውን ለማወቅ ግን በራቸውን ማንኳኳት ነው።