በደጀ ሰላም የሚሸጠው ጧፍ ምን ያህሉ ሰም ነው?

በዓል ሲደርስ በየቤተ ክርስቲያኑ በር የሚደረደረው ጧፍ ሁሉም ቢጫ ነው፤ ሻጩን ከጠየቁት ደግሞ ሁሉም «ንጹሕ የማር ሰም» ነው። ዋጋው ግን ከአንዱ ጠረጴዛ ወደ ሌላው ሲዘልቁ ይራራቃል። ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ከነዳጅ ዘይት የሚወጣው ሰም መሰል ነገር፣ ፓራፊን ነው። ሰፈፍ ከጠጅ ቤት ተሰብስቦ፣ ፈልቶና ተጣርቶ ሰም እስኪሆን ድረስ ልፋት አለው። ፓራፊን ግን ተገዝቶ ይቀልጣል፣ ቢጫ ቀለም ጠብ ይደረግበታል፣ አለቀ።

ለመለየት ከጧፉ ጫፍ ቁራጭ ወስደው በጣትዎ አንድ ደቂቃ ያህል ይሹት። የማር ሰም በእጅ ሙቀት እየለዘበ እንደ ሊጥ ይታዘዛል። ፓራፊን የበዛበት እንደ ሳሙና ሙልጭልጭ ይላል፤ ሞራ የገባበት ጣት ላይ ቅባት ይተዋል። ከዚያ ይለኩሱትና እፍ ብለው አጥፍተው ጭሱን ያሽትቱ። ማር ማር ካለ ደኅና ነው፤ ላምባ ላምባ ካለ ፓራፊን፣ የተቃጠለ ጮማ ከሸተተ ሞራ አለበት። ጥቁር ጭስ ብቻውን ግን ምስክር አይሆንም፤ ክሩ ከወፈረ ንጹሕ ሰምም ያጠቁራል። ቆይቶ ላዩ ላይ ነጭ አቧራ የመሰለ ነገር ያወጣውንም «ሻግቷል» ብለው አይመልሱ። የሰም ጠባይ ነው፤ በጨርቅ ሲያብሱት ይለቃል።

የማር ሰም የሚቀልጠው ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ነው። ለስላሳው ፓራፊን ከዚያ ዝቅ ብሎ ስለሚቀልጥ ጧፉ ቅዳሴው ሳይጋመስ በእጅ ላይ ይጎብጣል።

ክሩንም አይለፉት። ሰሙን ፍቀው ፈትሉን ለብቻው ያቃጥሉት፤ ጥጥ ከሆነ አመድ ይሆናል፣ ፖሊስተር ከሆነ ቀልጦ ጠጣር ጥቁር እንክብል ይሠራል። በእኔ ሚዛን ይህ ከፓራፊኑ የከፋ ነው። ወንጌል ሲነበብ ጧፍ የያዘው ዲያቆን ከመጽሐፉ አጠገብ ነው የሚቆመው። የሰም ጠብታ ሲረጋ በጥንቃቄ ይነሳል፤ የቀለጠ ፖሊስተር ግን የነካውን ይዞ ይቀራል።

ዕጣኑ ላይ ደግሞ ለማጭበርበር የሚቀላቀለው የግራር ሙጫ ነው። አንድ ፍሬ ፍም ላይ ይጣሉ፤ ዕጣን ይለሰልስና መዓዛ ያለው ጭስ ይሰጣል፣ ሙጫው ሳይቀልጥ ይከስላል። ውኃ ውስጥ ቢከቱት ሙጫው ሟሙቶ ያልቃል፤ ዕጣኑ ውኃውን እንደ ወተት ያደፈርሰዋል እንጂ አይጠፋም። ዘቢቡን ለብ ባለ ውኃ ሲዘፈዝፉት ላዩ ላይ ዘይት ከተንሳፈፈ እንዲያብለጨልጭ ተቀብቷል፤ የቁርባኑ ኅብስትና ወይን ወደሚዘጋጅበት ቤት፣ ወደ ቤተልሔም፣ አይውሰዱት።

ፓራፊን በራሱ ነውር የለበትም፤ ነውሩ ስሙ ላይ ነው። የሐዋርያት ሥራ 5 ላይ ጴጥሮስ መሬቱን ሸጦ ከዋጋው ከፊሉን የደበቀውን ሐናንያን ገንዘቡን ለምን አስቀረህ ብቻ ብሎ አልተወውም፤ ሳይሸጥ ያንተ አልነበረምን፣ ከተሸጠስ በኋላ በሥልጣንህ አልነበረምን ነው ያለው። ያጠፋው ከፊሉን ሙሉ አስመስሎ ማቅረቡ ነው። ሚስቱ ሰጲራ 3 ሰዓት ያህል ቆይታ ስትገባ ጴጥሮስ መሬቱ የተሸጠበትን ዋጋ ጠየቃት። እውነቱን ብትናገር ኖሮ በሩ ክፍት ነበር። ስለዚህ ሻጩን ከመፈተንዎ በፊት በግልጽ ይጠይቁት፦ «ይህ ሰም ነው ቅይጥ?» «ቅይጥ ነው» ብሎ በቅይጥ ዋጋ የሚሰጥ ባለሱቅ ከተገኘ ደንበኛ ሊሆኑት የሚገባ እሱ ነው። «ንጹሕ ነው» ብሎ የሚምል ከሆነ ግን የጣቱንም የጭሱንም ፈተና እፊቱ ያድርጉ።

ገዢውም ነፃ አይደለም። ያልጠረጠረ ተታለለ እንበል፤ ሆን ብሎ ርካሹን አንሥቶ «ለመባ ነው፣ ምን ችግር አለው» የሚለው ግን ሌላ ነው። ሚልክያስ 1 ላይ ወቀሳው የወረደው ዕውርና አንካሳ እንስሳ ይዞ በመጣው ላይ፣ አይቶ በተቀበለው ካህንም ላይ ነው፤ እስቲ ለአለቃህ አቅርበው፣ ደስ ይለው እንደሆነ እይ ይላል። አቅም ካጠረ አንድ ንጹሕ ጧፍ ከአሥር ቅይጥ ይሻላል። እቤት የቀረው ቅይጥ መብራት ሲጠፋ ይጠቅማል።