ልጃችሁን የብረት ሙያ ማስተማር ለምትፈልጉ የድሬዳዋ ወላጆች

ሳቢያን ውስጥ አነስተኛ የቶርኖና የብየዳ ቤት ያላቸውን አንድ አዛውንት በአደባባይ ማመስገን ካሰብኩ ቆይቻለሁ። ስማቸውን እንዳልጽፍ ስላስጠነቀቁኝ ሰፈሩ እንደሚጠራቸው «መምህር» እላቸዋለሁ። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በምድር ባቡር የጥገና ጋራዥ ነው የሠሩት። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ከገባ ወዲህ ያ ግቢ ስንቱን የብረት ባለሙያ እንዳፈራ የማያውቅ የድሬ ልጅ የለም።

ታናሽ ወንድሜ የእሳቸው ተማሪ ነበር። ዛሬ ካናዳ ውስጥ ፈቃድ ባለው የጠመንጃ መጠገኛ ቤት ተቀጥሮ ይሠራል። የመምህር ውለታ ምን ያህል እንደሆነ የገባኝ ለመቀጠር የቀረበለትን ፈተና ሲያጫውተኝ ነው።

በዚያ አገር የጠመንጃ ካዝና ስንት ጥይት መያዝ እንዳለበት የሚወስነው ሕግ ነው። አንዱ ተተኩሶ ሲወጣ ቀጣዩን ጥይት በራሳቸው የሚያጎርሱ ረጃጅም ጠመንጃዎች በአብዛኛው ከ5 በላይ፣ ሽጉጦች ደግሞ ከ10 በላይ የሚይዝ ካዝና አይፈቀድላቸውም። ፋብሪካ 30 እንዲይዝ አድርጎ የሠራው የጠመንጃ ካዝና ሳይስተካከል ሰው እጅ ከተገኘ፣ ባዶም ቢሆን የተከለከለ ዕቃ ነው። ማስተካከያውም እንዲሁ በቀላሉ የሚነቀል መሆን የለበትም፤ እንጨት ቆርጦ ውስጡ መወተፍ አያዋጣም። ከተለመዱት ዘዴዎች አንዱ የካዝናውን ግድግዳ በስቶ ሪቬት መምታት ነው። ጥይቶቹን ወደ ላይ የሚገፋው ሳህን ሞላውን እየተጫነ ሲወርድ ሪቬቱ ላይ ደርሶ ይቆማል፤ ስድስተኛው ጥይት መግቢያ ያጣል።

ሲያወሩት ቀላል ነው። ነገር ግን ቀዳዳው ጥቂት ከፍ ካለ አምስተኛው አይገባም፤ ዝቅ ካለ ስድስተኛው ይገባል፣ ባለቤቱም ሳያውቀው ሕግ ተላላፊ ይሆናል። ልኩ ቢገኝ እንኳ መሰርሰሪያው በውስጥ በኩል የሚተወው የብረት ጥርስ አለ። ያ ጥርስ ሳይነሳ ከቀረ ሞላውን ይይዘዋል፣ ሳህኑ ያጋድላል፣ ጥይቱ መንገድ ላይ ይቀረቀራል። ከውጭ ሲታይ ግን ካዝናው እንከን የለውም።

ወንድሜ ለፈተና የተሰጠው አንድ ካዝና፣ ጥቂት ሪቬትና ባሩድ የሌላቸው የመለማመጃ ጥይቶች ናቸው። አምስቱን አጉርሶ ሳህኑ የሚያርፍበትን ቦታ ለካ፤ ሙሉ ካዝና ጠመንጃው ላይ ሲገጠም ትንሽ መላወሻ ስለሚፈልግ ያንንም አሰበ። በነጥብ መምቻ ምልክት አደረገ፣ በቀጭን መሰርሰሪያ በሳ፣ በወፍራሙ አሰፋ። ሪቬቱን ከመምታቱ በፊት ግን ክብ ሞረድ አንስቶ የቀዳዳውን የውስጥ ጠርዝ አጸዳና በጣቱ ዳሰሰው። አሠሪው ይህን ሲያይ ፈተናው እዚያው አለቀ።

ያቺ ጣት የመምህር ናት። የተቆረጠ ቧንቧ ስታቀርቡላቸው ውጩን አያዩም። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ እንደሰቀሉ ትንሿን ጣታቸውን ወደ ውስጥ ሰድደው ዙሪያውን ያዞሯታል። ከዚያ ወይ ዝም ብለው ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጡታል፣ ወይ ዝም ብለው ወደ ሞርሳው ይመልሱታል። የመጀመሪያው ዝምታ ምስጋናቸው ነው፤ ሌላ ምስጋና ከእሳቸው አትጠብቁ። «የሚታየውንማ ቀለም ቀቢም ያሳምረዋል» ይላሉ።

አዲስ ተማሪ ቶርኖውን ቶሎ አይነካም። ሞረድ ይሰጠዋል፣ ቁራጭ ብረት ይሰጠዋል፣ ከዚያ እስኪስተካከል መሞረድ ነው። ብዙዎቹ ልጆች እዚህ ላይ ይሰለቻሉ፤ ወንድሜም እናታችን ዘንድ እየመጣ «ብረት ሲያስፈጩኝ ዋሉ» እያለ ያማርር ነበር። በእኔ ግምት ዋናው ትምህርት ያ ነው። ብየዳ በአጭር ጊዜ የሚያስተምሩ ሞልተዋል፤ ሥራን አበላሽቶ በቀለም መሸፈን ነውር መሆኑን የሚያስተምሩ ግን እምብዛም አይገኙም።

ሰውየው ጉድለት የለባቸውም አልልም። ቁጡ ናቸው። ቀጠሮ አያከብሩም፤ ለሠርግ የሚደርስ የግቢ በር ለማሠራት የምትፈልጉ ሌላ ቤት ብትሄዱ ይሻላችኋል። የወፍጮ ዘንግ ወይም የውኃ መሳቢያ ሞተር አካል ተሰብሮባችሁ መለዋወጫው ከገበያ ከጠፋ ግን ከእሳቸው የተሻለ እጅ አላየሁም። ዋጋቸውም የሚያማርር አይደለም።

አንድ ነገር አደራ። የወንድሜ ወሬ ሰፈር ውስጥ ከተሰማ ወዲህ መሣሪያ አስጠግናለሁ ብለው እሳቸው ቤት የሄዱ ሰዎች አሉ። መምህር መሣሪያ አይነኩም፤ ይዞ የመጣውንም ከበር ነው የሚመልሱት። በአገራችን የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት መያዙም መጠገኑም ፈቃድ ይጠይቃል፤ እሳቸው ያላቸው የቶርኖ ቤት ፈቃድ ነው። እባካችሁ ሽማግሌውን አታስቸግሯቸው።

ልጅ ለማስመዝገብ የምትፈልጉ በማለዳ ሂዱ። እንደ ማንኛውም ድሬዳዋ ቤት እኩለ ቀን ላይ ሙቀቱ ሲበረታ ይዘጋል፤ የሚከፈተውም ፀሐይዋ ስትበርድ ነው። የትምህርት ማስረጃ አይጠይቁም። ልጁን ራሱን ያነጋግሩታል፤ ወላጅ በልጁ ፈንታ ሲመልስ ስለማይወዱ አብራችሁ የምትሄዱ ዝም በሉ። የቤቱን አቅጣጫ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ስልካቸውን ግን ሳላስፈቅዳቸው ለማንም አልሰጥም።