ሸራ ጣሪያ ያላት ቮልስ ወይስ ላንድሮቨር? ደሴ ላይ በገዛ እጁ መኪና ለሚያድስ ሰው

ባለፈው መስከረም አንድ ጓደኛዬ ደወለልኝ። «ጣሪያዋ የሚከፈት ቮልስ አግኝቻለሁ፤ መጥተህ እያትልኝ» አለኝ። መኪናዋ ሰኞ ገበያ አካባቢ አንድ ግቢ ውስጥ ቆማለች። ቀይ ናት። ወንበሯ አዲስ ነው፣ ቸርኬዋ ያብረቀርቃል። ሻጩ ደግ ሰው ነው፤ ቡና አስፈልቶ ጠበቀን። «አብሽሩ፣ ከእንግዲህ መንዳት ብቻ ነው» አለን። እኔ ክሪክ ጠየቅሁ። ጎኗን ትንሽ አንስተን የሹፌሩን በር ከፈትን። በሩ ተመልሶ አልዘጋ አለ። ምላሱ ከማቀፊያው አንድ ጣት ዝቅ ብሎ ይመታል። አቦሉን ጠጥተን ቶናውን ሳንጠብቅ ወጣን።

ነገሩ ግልጽ ነበር። መኪናዋ ድሮ ተራ ቮልስ ነበረች። አንድ ሰው ጣሪያዋን በግራይንደር ቆርጦ ሸራ አልብሷታል። የተራ ቮልስ ጣሪያ ደግሞ ዝናብ ብቻ አይደለም የሚከለክለው፤ ፊትና ኋላዋን አያይዞ የሚይዛት እሱ ነው። ሲቆረጥ መሃሏ ይጎብጣል። ቆማ አይታወቅባትም። ክሪክ ላይ ስትወጣ፣ ወይም ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደውን የሐረጎን ጠመዝማዛ ስትወርድ ነው የምትናገረው።

ክፍት መኪና ገዝቶ ግቢው ውስጥ ሊያድስ የሚፈልግ ሰው ደሴም ኮምቦልቻም አለ። በየጊዜው የትኛው ይሻላል ብለው ይጠይቁኛል። ከውጭ ላስመጣ የሚለውን እርሱት፤ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። ምርጫው አገር ውስጥ ካለው ነው። እሱም ሲጠቃለል ሁለት ይሆናል፤ ቮልስ ወይም ሸራ ለባሽ ላንድሮቨር። ሰይቼንቶ (ፊያት 600) የሚሉም አሉ፤ ስለሷ አጭር ነገር እላለሁ።

ቮልስ

መጀመሪያ የትኛዋ ቮልስ እንደሆነች እንለይ። ካርማን የሚባለው የጀርመን ፋብሪካ ኦስናብሩክ ከተማ ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. ከ1949 እስከ 1980 ድረስ፣ ጣሪያዋ የሚታጠፍ ቮልስ ሠርቷል። ከ330 ሺህ በላይ ወጥተዋል። ፋብሪካው ጣሪያውን ሲያነሳ በምትኩ ከበሮቹ ሥር ወፍራም ብረት ጨምሯል፤ የፊት መስታወቱንም ፍሬም አጠንክሯል። ስለዚህ እውነተኛዋን ለመለየት ጎንበስ በሉና ከበሩ ሥር እዩ። ተጨማሪው ብረት ከሌለ ተቆርጣለች። ሌላም ምልክት አለ። የእውነተኛዋ የኋላ የጎን መስታወቶች ወደ ታች ይወርዳሉ። የተቆረጠችው ላይ ወይ መስታወት የለም፣ ወይ ፕላስቲክ ተሰፍቷል።

እውነቱን ለመናገር እውነተኛዋን ደሴ ላይ ማግኘት ከባድ ነው። የሚቀርብላችሁ አብዛኛውን ጊዜ የተቆረጠችው ነች። እኔ በነጻ ቢሰጡኝም አልወስዳትም። ከበሩ ሥር ብረት ጨምሮ ማስተካከል ይቻላል፤ ግን በግቢ የሚሠራ ሥራ አይደለም። ወለሉ ቀጥ ብሎ የሚታሠርበት ነገር ካልተገኘ ጉብጠቷን በብየዳ ታጸኑታላችሁ።

መሃል ላይ ያለች ሌላ ምርጫ አለች፣ ብዙ ሰው ይረሳታል። እስከ 1963 እ.ኤ.አ. ድረስ የተሠሩ አንዳንድ ቮልሶች ጣሪያቸው መሃል ላይ ወደ ኋላ የሚጠቀለል ሸራ አላቸው። ዙሪያው ብረት ስለሆነ አካሏ አይጎብጥም። ፀሐይም ነፋስም ይገባል። እንዲህ ያለች ካገኛችሁ ይህን ጽሑፍ ጨርሳችሁ ሳታነቡ ሂዱ።

የቮልስ ትልቁ ጸጋ ለእጅ ሥራ መመቸቷ ነው። ሞተሩን ከካምቢዮው (ከማርሽ ሳጥኑ) ጋር የሚያያይዙት አራት ብሎኖች ናቸው። ሁለት ሰውና አንድ ጥሩ ክሪክ ካለ ከሰዓት በኋላ ወርዶ መሬት ላይ ይቀመጣል። አካሉም ከወለሉ በብሎን ስለሚለያይ አምስትና ስድስት ጎረምሳ ተሸክሞ ያነሳዋል። ጎረቤት በደቦ ይጠራል፣ ምሳ ይበላል፣ አካሉ ድንጋይ ላይ ያርፋል። ክፍቷ ቮልስ ከሆነች ግን አንድ ነገር እንዳትረሱ። ከማንሳታችሁ በፊት በበሩ ክፍት ቦታ ላይ አግድም ብረት በየዱበት። ያለዚያ አካሉ ሲነሳ እንደ እርጥብ ካርቶን ይታጠፋል፤ ተመልሶ አይገጥምም።

የምትበላሸው ከሥር ነው። ባትሪው ከኋላ ወንበር ሥር በቀኝ በኩል ይቀመጣል፤ አሲዱ ወለሉን ይበላል። ምንጣፉን አንሱና በካቻቢቴ ውጉ። ቀጥሎ ከበሮቹ ሥር ያለውን ቦይ እዩ፤ ሞቃት አየር የሚሄድበትም አካሉን የሚሸከመውም እሱ ነው። ደሴ ላይ ጠዋት ማሞቂያ ደስ ይላል። ግን የጭስ ማውጫው ማሞቂያ ሳጥን ዝጎ ከሆነ ሙቀቱ ከጭስ ጋር ነው የሚገባው።

ሞተሯን ለመፈተን መካኒክ አያስፈልግም። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ቺንጊያው የሚዞርበትን ትልቁን ፑሌጃ በሁለት እጅ ይዛችሁ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ግፉት፣ ሳቡት። የተፈቀደው ልቅነት ከ0.15 ሚሊሜትር አይበልጥም፤ በእጅ አይታወቅም ማለት ይቻላል። «ጓ ጓ» ካለ ሞተሩ ከውስጥ አልቋል። ሻጩ ትናንት ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ቀይሬያለሁ ቢልም አልቋል። ከዚያ በሞተሩ ዙሪያ ያለው ቆርቆሮ ሁሉ መኖሩን አረጋግጡ። ቮልስ በአየር ነው የምትቀዘቅዘው፤ ቆርቆሮው ከሌለ ትኩስ አየር መልሳ ትስባለች። ብዙ ጋራዥ ሞተር ሲያወርድ ቆርቆሮውን ጥግ ጥሎ ይረሳዋል። የዲናሞው ቺንጊያ ከተበጠሰ ማቀዝቀዣው አብሮ ይቆማል። ቀይ መብራት ከበራ ዳገቱን ልጨርስ አትበሉ፤ እዚያው አቁሙ።

ስድስት ቮልት የሆነችውን ከወሰዳችሁ አምፖል ፍለጋ አዲስ አበባ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ድረስ ያስኬዳችኋል። ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ማብቂያ ወዲህ ያሉት 12 ቮልት ናቸውና ይቀላሉ።

ላንድሮቨር

ላንድሮቨር ሲፈጠር ጀምሮ ለሸራ የተሠራ ነው። ሻንሲው፣ ማለትም መኪናውን የሚሸከመው የሥር ብረት፣ ራሱን የቻለ መሰላል ነው፤ አካሉ በላዩ በብሎን ተቀምጧል። ጣሪያውን ብታነሱት ምንም አይጎብጥም። የፊት መስታወቱ ሳይቀር ወደ ኮፈኑ ይታጠፋል። በሬሳ ሳጥን ላይ እንደመቀመጥ ነው ይላል አንድ ዘመዴ፤ ለወንበሩ ግን እውነት አለው።

በገበያ የምታገኙት ሲሪስ ሁለት-ኤ ወይም ሲሪስ ሦስት ነው። የመጀመሪያው እስከ 1971፣ ሁለተኛው ከ1971 እስከ 1985 እ.ኤ.አ. ተሠርቷል። አጭሩ 88፣ ረጅሙ 109 ይባላል፤ ቁጥሩ በጎማዎቹ መካከል ያለው ርቀት በኢንች ነው። ለግቢ ሥራ አጭሩ ይመረጣል። ረጅሙ ደሴ ውስጥ ግቢ አይበቃውም፤ የደሴ ግቢ ደግሞ መቼም ተዳፋት ነው።

ሰው «አልሙኒየም ስለሆነ አይዝግም» እያለ ይሸጠዋል። ይህ ግማሽ እውነት ነው። ፓራፋንጎውና በሮቹ የሚለብሱት አልሙኒየም ነው። ሻንሲውና ከሞተሩ ጀርባ ያለው ግድግዳ ግን ብረት ነው፤ የሚበሉትም እነሱ ናቸው። መዶሻ ይዛችሁ ሂዱ። ሻንሲውን በተለይ የኋላውን አግዳሚ አንኳኩ። ጥርት ያለ ድምፅ ካሰማ ደህና ነው። የታፈነ ድምፅ ካሰማ ውስጡ ዝገት ነው። በሮቹ የሚንጠለጠሉበትንም ግድግዳ እግሩ ድረስ እዩ። አልሙኒየሙም ቢሆን ብረት ሲነካውና ውሃ ሲገባ ነጭ ዱቄት እየሆነ ይበላል።

ብየዳው ላይ ነው ሁለቱ በጣም የሚለያዩት። የቮልስ ላሜራ አንድ ሚሊሜትር አይሞላም። ቤት ውስጥ ባለችው ተራ የኤሌክትሮድ ብየዳ ስትነኩት ይበሳል። የጋዝ ብየዳ የሚችል ጥሩ ባትላሜራ (የመኪና አካል ጠጋኝ) ያስፈልጋችኋል፤ አለዚያ ስቱኮ ላይ ስቱኮ ስትለጥፉ ትኖራላችሁ። የላንድሮቨር ሻንሲ ሁለት ሚሊሜትር ገደማ ስለሆነ ኤሌክትሮድ ይችለዋል። አልሙኒየሙን ደግሞ ጨርሶ መበየድ አትሞክሩ። በሪቬትና በብሎን ነው የሚጠገነው። ፓራፋንጎ ቢጋጭ ፈትቶ በእንጨት መዶሻ መምታት፣ መልሶ ማሠር ነው። ለጀማሪ እጅ ከዚህ የሚቀል መኪና አላየሁም።

የሚከብደው ክብደቱ ነው። ሞተሩን ለማውጣት ክሪክ አይበቃም፤ ፓራንኮ (በሰንሰለት የሚጎተት ማንሻ) እና የሚያንጠለጥሉበት ጠንካራ ነገር ያስፈልጋል። የዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ያንጠለጠለ ሰው አውቃለሁ። ቅርንጫፉ ተሰበረ፣ ሞተሩ ተረፈ፣ ከሚስቱ ጋር ግን እስካሁን በዛፉ ይጨቃጨቃሉ።

ነዳጅም አለ። ቮልስ በመቶ ኪሎሜትር ስምንትና ዘጠኝ ሊትር ቤንዚን ይበቃታል። የላንድሮቨሩ 2,286 ሲሲ ሞተር 15 ሊትርና ከዚያ በላይ ይጠጣል። ሰልፍ ላይ ቆሞ ለሚቀዳ ሰው ይህ ቀልድ አይደለም።

ዳገቱና ዝናቡ

ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ኮምቦልቻ 25 ኪሎሜትር ያህል ብቻ ርቃ ወደ 1,850 ሜትር ትወርዳለች። መሃል ላይ ሐረጎ አለ። ከፍታው ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። 1,200 ሲሲዋ ቮልስ መጀመሪያውኑ 34 የፈረስ ጉልበት ነው ያላት፤ ቀሪውን አስሉት። በሁለተኛ ማርሽ ትወጣላችሁ፣ ከኋላ ሲኖትራክ ያጓራባችኋል። ትወጣለች ግን። ካንዴላው ከጠቆረ ካርቡሬተሩ ነዳጅ አብዝቶ ነው፤ ጠባብ ጂግለር (ነዳጁ የሚያልፍበት ቀዳዳ ያለው ብሎን) አስገቡ። ላንድሮቨሩ 70 ገደማ ጉልበት ስላለው አይለምንም፣ አይፈጥንምም። መውረዱ ላይ ሁለቱም ያረጀ የታምቡር ፍሬን ነው ያላቸው። በወጣችሁበት ማርሽ ውረዱ።

ሰይቼንቶን የምተዋት እዚህ ላይ ነው። ሸራ ጣሪያዋ የሚጠቀለለው ዓይነት በጣም ታምራለች፤ ሞተሯ ግን 633፣ የኋለኛዋ 767 ሲሲ ነው፤ የምትቀዘቅዘውም በውሃ ነው። ደሴ ላይ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ያረጀ የራዲያተር ክዳን፣ ሐረጎና ሰይቼንቶ አንድ ላይ ከሆኑ ጀሪካን ይዛችሁ ነው የምትወጡት። ኮምቦልቻ ሜዳው ላይ ለሚኖር ሰው ግን ትሆናለች።

ቀለም ሊቀቡ ያሰቡ በክረምት ደሴ ላይ አይሞክሩ። ጉሙ ሲወርድ ቀለሙ ላይ ነጭ ደመና ያስቀምጣል። እኔ አንዴ ሐምሌ ላይ ኮፈን ቀብቼ መስከረም ላይ ፋቅሁት። ኮምቦልቻ ይሞቃል፣ ቶሎ ይደርቃል። የምትችሉ ከጥቅምት በኋላ እዚያ ወስዳችሁ ቅቡ።

ሸራውም ዋጋ ይለያል። የካርማኗ ጣሪያ ብዙ ድርብ ነው፤ ውስጡ መደልደያ አለ፣ የኋላው መስታወት ነው፣ የሚታጠፍ ብረቱም መገጣጠሚያው ብዙ ነው። አንዷ ብሎን ከጎደለች አይታጠፍም። የላንድሮቨሩ አንድ ሸራና ጥቂት ቀስት ብረት ነው። የጭነት መኪና ሸራ የሚሰፋ ሰው ይሰፋዋል፤ ኮምቦልቻ ደግሞ የሚሌና የጅቡቲ መኪና ማለፊያ ስለሆነች እንዲህ ያለ ሰው አይጠፋም። የባሌስትራ (የጎማ በላይ ተደራራቢ ስፕሪንግ) ሠሪም እዚያው ነው።

እና የቱን?

ግቢያችሁ ጠባብ ከሆነ፣ ጥሩ ባትላሜራ ካወቃችሁና ከተማ ውስጥ መንዳት ከፈለጋችሁ ቮልስ፤ ግን መሃሏ ላይ የሚጠቀለል ሸራ ያላትን ወይም እውነተኛዋን ካርማን። እሷ ካልተገኘች ጣሪያዋ ብረት የሆነችውን ግዙና መስኮቱን ክፈቱ። ብየዳ አዲስ ከሆናችሁና ጣሪያ ሙሉ በሙሉ ማውረድ ካማራችሁ ላንድሮቨር። እኔ የቮልስ ሰው ነኝ፤ ቢሆንም ለጀማሪ ላንድሮቨሩን ነው የምመክረው። በየትኛውም ላይ ቀብድ ከመስጠታችሁ በፊት ሊብሬውን ይዛችሁ የሻንሲውን ቁጥር ራሳችሁ አንብቡ። የቮልስ ቁጥር ከኋላ ወንበር ሥር መሃለኛው ጉብታ ላይ ተመትቷል። «ተፍቆ ነው እንጂ አለ» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ቡናውንም አትጠጡ።

ጓደኛዬ ኋላ ላይ አጭሩን ሲሪስ ሦስት ገዛ። አምስት ወር ግቢው ውስጥ ፈታ፣ አሠረ። ሸራውን ኮምቦልቻ አሰፋ። ሲያዝዝ የኋላውን መስኮት መናገር ረሳ፤ ሰፊውም ያለ መስኮት ሰፋለት። አሁን ከኋላው የሚመጣውን በጎን መስታወት ብቻ ነው የሚያየው። ስፌቱ ሊፈታ ለሚቀጥለው ቅዳሜ ቀጠሮ አለው።