ዲ-30 መድፍና ቢኤም-21፦ አጠገቡ ለሚቆመው ሰው

ዲ-30 በመኪና የሚጎተት መድፍ ነው፤ ቢኤም-21 ደግሞ በመኪና ላይ የተጫነ ሮኬት ማስወንጨፊያ ነው። የሁለቱም የአፈሙዝ ስፋት 122 ሚሊሜትር ነው፤ ሁለቱም የሶቪየት ኅብረት ሥሪት ናቸው፤ ሁለቱንም የኢትዮጵያ ሠራዊት በኦጋዴን ጦርነት ዘመን ታጥቋቸዋል። ከጎናቸው ለሚቆም ወታደር ግን ልዩነታቸው ሰፊ ነው።

ቢኤም-21 40 ሮኬቶቹን በ20 ሰከንድ ገደማ ጨርሶ ይተኩሳል። ጩኸቱ ተከታታይ ነው፤ አቧራውና ጭሱ ከሩቅ ስለሚታይ መኪናው ወዲያው ቦታ መልቀቅ አለበት። ተኳሹ ግን በገመድ በተያያዘ መተኮሻ ወደ 60 ሜትር ያህል ርቆ ማስወንጨፍ ይችላል።

የዲ-30 ምድብተኛ ይህ ዕድል የለውም። ጎራሹም አነጣጣሪውም እዚያው መድፉ ሥር ናቸው። አፈሙዙ ጫፍ ላይ ያለው ብሬክ መድፉ ሲተኩስ ወደ ኋላ የሚገፋበትን ኃይል ለመቀነስ የባሩዱን ጋዝ ወደ ጎንና ወደ ኋላ ይመልሰዋል፤ ያ የአየር ምት የሚያርፈው ሰዎቹ ላይ ነው። በጆሮ ብቻ አይሰማም፣ ደረትን ይመታል። ደግሞም በደቂቃ ከ6 እስከ 8 ጊዜ ሊደጋገም ይችላል።

ከ140 ዴሲቤል የሚያልፍ ቅጽበታዊ ድምፅ በአንድ ተኩስ ብቻ ጆሮን ለዘለቄታው ሊጎዳ ይችላል፤ ከባድ መድፍ ደግሞ ከዚህ በእጅጉ ያልፋል። ስለዚህ ዒላማው ላይ ቢኤም ቢያስፈራም፣ ለራሱ ለተኳሹ አካል የባሰው ዲ-30 ነው እላለሁ። ለመድፍ ተኳሹ የጆሮ መድፈኛና ከላዩ የሚደረብ መከላከያ ከጥይቱ እኩል ሊታደለው ይገባል። ከጦር ሜዳ የተመለሱ አባቶች ጆሯቸው ሲጮህ የሚያድረው በእርጅና ብቻ አይደለም፤ ምርመራም ካሳም ይገባቸዋል።