ፉጂፊልም ኤክስ-ቲ3 በሐዋሳ፦ የፊት ቀለምና የጥበብ ቀለም

ይህን ካሜራ ያገለገለ ነው የገዛሁት። ዓመት ሊሞላው ትንሽ ነው የቀረው። ሐዋሳ ላይ ሠርግ፣ ምርቃትና ልደት አነሳለሁ። ከዚህ በፊት ካኖን ነበረኝ፤ አሁንም አልሸጥኩትም። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ደግሞ ሶኒ ይይዛል። ሦስቱም አንድ ሙሽራ ፊት የሚቆሙበት ቀን ብዙ ነው።

“ፉጂ ቀለሙ ያምራል” ይባላል። የትኛው ቀለሙ? ካሜራው ውስጥ ፊልም ሲሙሌሽን የሚባሉ፣ ፎቶው የሚወጣበትን ቀለም የሚወስኑ ምርጫዎች አሉ። ቬልቪያ፣ ፕሮቪያና አስቲያ የኩባንያው የፎቶ ፊልሞች ስሞች ናቸው። ጠባያቸው ለየቅል ነው።

ቬልቪያን ለሐይቁና ለታቦር ተራራ ተዉት። አረንጓዴውና ሰማያዊው ይደምቃል። ጠይም ፊት ላይ ግን ወደ ቀይ ይወስደዋል፣ አይሆንም። ክላሲክ ክሮም የሚባለውን ሲሙሌሽን ለአሞራ ገደል ዓሣ ገበያና እዚያ ለሚንጎራደዱት አባ ኮዳዎች እወደዋለሁ። ለሠርግ ሲሆን የሐበሻ ቀሚሱን ጥበብ ያደበዝዘዋል። ለዚያ ጥበብ ስንት ብር ያወጣች ሙሽራ ደግሞ “ቀለሙ የት ሄደ?” ማለቷ አይቀርም። ለፊት አስቲያ ላይ ረግቻለሁ። አዳራሽ ውስጥ ፕሮ ኔግ ስታንዳርድ የሚባለው ሲሙሌሽን ይሻላል፤ ኮንትራስቱ (የብርሃንና የጥላው ልዩነት) ለስላሳ ስለሆነ የሙሽራው ጥቁር ሱፍም የሙሽሪት ነጭ ቀሚስም ዝርዝራቸው አይጠፋም።

የካኖኑ ፖርትሬት ስታይል ፊትን ትንሽ ወደ ሮዝ ያደርጋል። እናቶች ይወዱታል፣ እውነቱን ለመናገር እኔም አልጠላውም። የቆዩ የሶኒ ሞዴሎች ወደ ቢጫ ያደላሉ ይባላል። ነገር ግን የሦስቱንም ራው ፋይል ላይትሩም የሚባለው የኤዲት ሶፍትዌር ላይ ከፍታችሁ፣ የቀለም ፕሮፋይሉን አዶቢ ከለር አድርጋችሁ፣ ዋይት ባላንሱን (ነጭን ነጭ የሚያደርገውን ማስተካከያ) ከአንድ ነጭ ነገር ላይ ብትወስዱ ልዩነቱ በጣም ይጠባል። ራው ገና ቀለም ያልወጣለት ፋይል ነው። ሴንሰሩ የመዘገበው በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ ፊልተር ያለፈ ብርሃን ነው፤ ቀለሙን የሚያወጣው ሶፍትዌሩ ነው። ስለዚህ የብራንድ ክርክሩ በአብዛኛው የጄፔግ፣ ማለትም ካሜራው ራሱ ቀለሙን አውጥቶ የሚሰጠው ፋይል ክርክር ነው።

እኔን ደግሞ ጄፔግ ያስፈልገኛል። ቤተሰብ ፎቶውን በዚያው ማታ ቴሌግራም ላይ ይፈልጋል። ራው ያነሳሁትን እዚያው ካሜራው ላይ ሲሙሌሽኑን ቀይሬ ጄፔግ ማውጣት መቻሌ ለዚህ ካሜራ ከከፈልኩት ብር ግማሹን ያወጣል።

ቀለምን በብዛት የሚያበላሸው ግን ብራንዱ አይደለም። ነጠላና ነጭ ቀሚስ ፍሬሙን ሲሞላው የማንኛውም ካሜራ ሜትር (ብርሃን ለኪው) ብርሃን በዛ ብሎ ያጨልማል። ፊት ጠቆረ ማለት ነው። በኋላ በኤዲት ሲነሳ ቆዳው አመድ ይመስላል። ስለዚህ ኤክስፖዠሩን (የፎቶውን የብርሃን መጠን) ከመጀመሪያው ከፍ አደርጋለሁ። ፍቅር ሐይቅ ዳር ዛፍ ሥር ሲሆን ከቅጠሉና ከሣሩ የሚመለሰው አረንጓዴ ብርሃን ጉንጭ ላይ ያርፋል፤ ሙሽሮቹን ሁለት እርምጃ ወደ ውጭ ማውጣት ከየትኛውም አስቀድሞ የተዘጋጀ የኤዲት ፕሪሴት ይበልጣል። ደግነቱ እኛ ከተማ ፀሐይ የምትጠልቀው በሐይቁ በኩል ነው፣ ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ለፊት የሚሆን ብርሃን አይጠፋም።

አዳራሽ ሌላ ጉዳይ ነው። ቢጫ አምፖልና ወይን ጠጅ ኤልኢዲ ይደባለቃሉ። ነጭን የሚያስቀድም አውቶ ዋይት ባላንስ በፉጂ የመጣው በተከታዩ ሞዴል በኤክስ-ቲ4 ነው፣ ኤክስ-ቲ3 ላይ የለም። ኬልቪኑን (የብርሃኑን የቀለም ሙቀት ቁጥር) በእጅ እሞላለሁ።

የቀረውን ባጭሩ። ባትሪው በኩባንያው መለኪያ 390 ፎቶ ገደማ ነው፤ ለሠርግ ትርፍ ባትሪ ግድ ነው። ቦዲው ውስጥ የእጅ መንቀጥቀጥን የሚቀንስ ስታቢላይዘር የለም። ሁለት የካርድ ማስገቢያ አለው፣ ይህ ለሠርግ ትልቅ ነገር ነው።

ካኖን ካላችሁና ሁሉንም ፎቶ ኤዲት የምታደርጉ ከሆነ ለቀለም ብላችሁ አትቀይሩ። በዚያው ቀን የምታስረክቡ ከሆነ ይህ ካሜራ ያዋጣል። እኔ ወደ ኤክስ-ቲ4 አልሄድም፤ ቀጣዩ ብር ለ56 ሚሊሜትር ሌንስ ነው።